ቀዳዳን ያለ ፈቃድ ስለማየት

ወር በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ ታላቅ ወንድሜ የመንግሥትን ቀዳዳ አየ። ሰዓቱን ከክሱ ላይ ነው ያገኘሁት። አስተዋይ መንግሥት ዜጋው መቼ ምን እንዳየ ጠንቅቆ ያውቃል፤ የማያውቀው ቀዳዳውን ብቻ ነው።

ወንድሜ የሚተዳደረው በኮምፒውተር ጥገና ነበር። የዚያን ቀን መታወቂያውን ሊያሳድስ የነዋሪዎች መዝገብ ድረ ገጽ ውስጥ ገብቶ ቁጥሩን ሲጽፍ የመጨረሻዋን አኃዝ ተሳሳተ። የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ማኅደር ከነፎቶው ተከፈተለት፤ ከሥሩም «አስተካክል» የሚል ቁልፍ አለ። በዚያች ቁልፍ ልብስ ሰፊውን ሊያፋታው፣ ሊያስረጀው፣ ካሰኘውም ሊገድለው ይችል ነበር። ምንም ሳይነካ ወጣ። ቀዳዳው እንዴት እንደሚገኝ በአራት መስመር ጽፎ መዝገቡን ወደሚይዘው መሥሪያ ቤት ሊሄድ ሲነሳ ግን ለመንኩት።

«ጋሼ፣ ምን አገባህ? ዝም በል።»

«አንቺ ደግሞ! በሩ የተበረገደ ቤት አይቼ ባለቤቱን ሳልጠራ ልለፍ?»

ባለቤቱ አዋጅ እንዳለው ወንድሜ አላወቀም። አዋጁ በጥበብ የተሞላ ነው። አንቀጽ አራት፣ ቀዳዳ ያገኘ ሁሉ የማሳወቅ ግዴታ አለበት ይላል። አንቀጽ አምስት፣ ማንም ሰው አስቀድሞ ፈቃድ ሳያወጣ ቀዳዳ ማግኘት አይችልም ይላል። አንቀጽ ስድስት ደግሞ ፈቃድ ጠያቂው ወደፊት የሚያገኘው ቀዳዳ የት እንዳለ በማመልከቻው ላይ እንዲገልጽ ያዛል። ለዜጋ ከዚህ በላይ ምን ይብራራለት?

«ፈቃድ አለህ?» አለው የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ ወረቀቱን ተቀብሎ።

«እንደማገኘው አላውቅም ነበር፣ ጌታዬ።»

«ሳታስበው ነው ያገኘኸው? ይሄማ ይብስብሃል።»

«ቀዳዳው እኮ አሁንም ክፍት ነው።»

«እሱ በተራው ይታያል። መጀመሪያ ያንተን እንጨርስ።»

መሥሪያ ቤቱ በግልጽነት የታወቀ ስለሆነ፣ የገባ ጽሑፍ ሁሉ ተቃዋሚ ካለ እንዲቀርብ ለአሥራ አምስት ቀን በር ላይ ይለጠፋል። የወንድሜም አራት መስመሮች ክብ ማኅተም ተመትቶባቸው በጠፋ ቁልፍ ማስታወቂያና በወንበር ጨረታ መካከል ተለጠፉ። አላፊ አግዳሚው ቆሞ አነበበ፤ ስልክ ያለውም ፎቶ አነሳ። በሦስተኛው ቀን የበሩ ጥበቃ ዕድሜው በመዝገቡ ላይ በአሥራ ሁለት ዓመት ቀንሶ ጡረታው ራቀለት። ልብስ ሰፊውም ሃያ ዓመት የተመኘውን ፍቺ ያለ ዳኛ አገኘ። በአሥራ አምስቱ ቀን ውስጥ አንድም ተቃዋሚ አልቀረበም።

ወንድሜ ግን ተከሰሰ፤ ሦስት ዓመት እስራት እንደሚጠብቀው ተነገረን። ልቡ ደካማ ነበር። ሐኪሙ ደረጃ እንኳ እንዳይወጣ ከልክሎታል። ሦስት ዓመት ቀርቶ ሦስት ወር እስር ቤት እንደማይቆይልኝ አውቅ ነበር።

ስለዚህ ወደ መሥሪያ ቤቱ በር ሄጄ ገና ያልተነሱትን አራት መስመሮች በመድኃኒት ማዘዣው ጀርባ ላይ ገለበጥኩ። ቤት ገብቼ የወንድሜን ማኅደር ከፈትኩና «አስተካክል» የሚለውን ተጫንኩ። «ሞቷል» ብዬ ሞላሁ። ገጹ የሞተበትን ቀን ሲጠይቀኝ ሌላ ቀን አልመጣልኝም፤ ያንን ማክሰኞ ጻፍኩ።

በቀጠሮው ዕለት ዳኛው ከነዋሪዎች መዝገብ የመጣውን ደብዳቤ አነበቡ። ተከሳሽ በሕይወት ስለሌሉ የክሱ መዝገብ ተዘግቷል አሉ። ወንድሜ «አለሁ» ሊል ሲነሳ ኮቱን ጎትቼ አስቀመጥኩት። ስንወጣ ጸሐፊዋ እጁን ጨብጣ «እግዜር ያጥናችሁ» አለችው።

በረንዳው ላይ ዞሮ አየኝ። «ገደልሽኝ እኮ፣ አንቺ ልጅ።»

«ከምትታሰርብኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ሳቀ። ግድግዳ እስኪይዝ ድረስ ሳቀ። «ለመሆኑ ምን ገደለኝ ብለሽ ጻፍሽ?»

«ድንገተኛ አልኩ።»

«ደህና። እንኳን ከቀዳዳ ወድቆ አላልሽ።»

ሁለት ዓመት በሰላም ሞቶ ኖረ። መታወቂያ አላሳደሰም፣ ከመንደር አልራቀም፤ ኮምፒውተር መጠገኑንም አልተወም። በእነዚያ ዓመታት መሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ጠርቶ፣ አዋጁ ከወጣ ወዲህ ከአንድ ሕገ ወጥ ጥቆማ በስተቀር ቀዳዳ አገኘሁ ያለ ሰው አለመኖሩን አበሠረ። ተጨበጨበ። ኃላፊው ተሸለመ።

ወንድሜ ሐሙስ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ከሱቁ በርጩማ ላይ እንደተቀመጠ፣ ብሎን መፍቻው በእጁ እንዳለ ሞተ። ቀበርነውና የሞት ማስረጃ ልጠይቅ ሄድኩ።

የመስኮቱ ሠራተኛ ስክሪኑን ተመለከተ። «እህቴ፣ ሟች ከሞቱ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አንድን ሰው ሁለት ጊዜ አንመዘግብም።»

«ስህተት ነው። የሞተው ባለፈው ሐሙስ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «መዝገቡ ውስጥ ስህተት ገብቷል ነው የሚሉት? ቀዳዳ አለው እያሉ ነው? ፈቃድ አለዎት?»

አይ፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት አልኩት። ማክሰኞ የሚለውን ወረቀት ፈርሜ ወሰድኩ።

በማግስቱ የመድኃኒት ማዘዣውን ከመሳቢያ አወጣሁ። አራቱም መስመሮች እንደ ድሮው ይሠራሉ። በእነሱ ገባሁና ቀኑን ሐሙስ ብዬ አረምኩት።