ጉልበት የሚጠየቀው አንዴ ነው

ሐበሻ ባለበት ሁሉ፣ ነገርን ከሥሩ ሳትጠይቅ የማታድር አንዲት ሴት አትጠፋም። አዲስ ቀሚስ ብትለብሺ ዋጋውን፣ ልጅ ብትወልጂ ምጡን፣ ብትከሺ ምክንያቱን ትጠይቅሻለች። በካልጋሪው ቤተ ክርስቲያናችን ለዚህ ማዕረግ የተሾመችው እህት ምሥራች ናት። የእሷ ጥያቄ ግን ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ ያርፋል፤ ጉልበት ላይ።

ክብርት እህት ምሥራች፣ የጉልበቶች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ኳስ ሲጫወቱ፣ ሆኪ ሲጋጩ፣ ከተራራ በበረዶ ሲንሸራተቱ ጉልበታቸው ከተጎዳ ሰዎች ደምና የመገጣጠሚያ ፈሳሽ ትሰበስባለች። ሐኪሞቹ አንዱ ጉልበት ለምን ቶሎ እንደሚድን፣ ሌላው ለምን ገና በጎልማሳነት እንደሚያረጅ በዚያ ያጠናሉ።

ከእሷ ጋር ሆኪ ማየት አይቻልም። ቤቱ ሁሉ «ገባ!» ብሎ ሲዘል እሷ «ጉልበቱን አያችሁት? ወደ ውስጥ እኮ ነው የታጠፈው!» ብላ ራሷን ትይዛለች። ሰው በረዶ አዳልጦት ሲወድቅ እኛ «እኔን!» እንላለን። እሷ «በየትኛው በኩል አረፍክ?» ትላለች።

አንድ በጋ የቤተ ክርስቲያን ሽርሽር ላይ ከሥራ በቀጥታ መጣችና የበረዶ ሳጥኗን ዛፍ ሥር አስቀመጠች። ታክሲ የሚነዱት ጋሼ ሀይሉ ለስላሳ መስሏቸው ክዳኑን ቢከፍቱ ብልቃጦች ተደርድረው ጠበቋቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ባዶ ናቸው ጋሼ፣ አይዞዎት። የጉልበት ፈሳሽ ማስቀመጫ ነው።»

ጋሼ ሀይሉ ከዚያ ወዲህ ከሳጥን የወጣ መጠጥ ሲቀርብላቸው «መጀመሪያ ምሥራች ትቅመሰው» ይላሉ።

ያን ዕለት እኔም ፈሳሹ ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት።

«የእንቁላል ነጭ ነው የሚመስለው እማማ። ጥርት ያለ፣ ሳብ ሳብ የሚል።»

ዕድሜዬን ሙሉ ተንበርክኬ ስጸልይ፣ ፈጣሪ ጉልበቴን እንዲህ አለስልሶ እንደያዘልኝ አላውቅም ነበር። ጉልበቴን ዳሰስኩ።

በፈረንጆች 1997 መስከረም ላይ ግን ነገሩ ቤታችን ገባ። የልጄ ልጅ ሩሐማ ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አቢዴል ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ የእሷ ኳስ ያልነካው ግድግዳ የለም፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቡድንም ሊወስዳት ዓይኑን ጥሎባት ነበር። ሜዳ ላይ፣ ማንም ሳይነካት፣ ልትዞር ስትል ጉልበቷ ቋ አለ። ጅማቱ ተበጥሷል፣ ኦፕሬሽን ያስፈልጋል፣ ከዚያ በኋላ መጫወቷን ማንም እርግጠኛ ሆኖ መናገር አይችልም ተባለ። ሩሐማ ምግብ ተወች፤ ኳሷን ከዓይኗ አርቄ እንድደብቅ ለመነችኝ።

ምሥራች ስለ ጥናቱ ልታነጋግራት ስትመጣ ወገቤን አስሬ ጠበቅኳት። ዛሬ ይህቺ ሴት ሩሐማን በልመና ታደርቃታለች ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ሩሒ» አለች ምሥራች፣ «ዶክተሩ ሲከፍተው ፈሳሽና የተበጠሰው ጅማት ቁራጭ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ይጣላል። ከፈቀድሽ እኛ እንወስደዋለን። ካልፈቀድሽም ሕክምናሽ ያው ነው።»

«እኔን ሄልፕ ያደርገኛል?»

«አያደርግሽም። ላንቺ አይደርስም።»

«ዴን ኖ፣ አይሆንም። ሶሪ።»

«እሺ» አለች ምሥራች። ወረቀቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ስለ ትምህርቷ ታወራት ጀመር።

ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ልትከላከል የተቀመጠች አያት እኔ፣ ተቆጥቼ እስከ በሩ ተከተልኳት።

«ምነው አንዴ ብቻ? እኛ ዘንድ ሻይ እንኳ አንዴ ተጠይቆ እሺ አይባልም! ሰው መጀመሪያ ‹ይቅርብኝ› ይላል፤ ደጋግመሽ ‹በሞቴ› ትያለሽ፣ ከዚያ ነው የሚቀበልሽ።»

«ሻይ አይደለማ እማማ» አለችኝ። «ተለምኖ ከገላው የሰጠ ሰው፣ ሰጠ አይባልም። አንዴ እጠይቃለሁ፣ ከዚያ አፌን እዘጋለሁ። ከሥራዬ ሁሉ የሚከብደኝ ይሄ ነው።»

እንደሚከብዳትማ አየሁ። ከዚያ በኋላ እየመጣች ሩሐማን ሐኪም ላዘዘላት የጉልበት ስፖርት በመኪና ታመላልሳት ነበር። ጥያቄው ከንፈሯ ላይ ደርሶ ሲመለስ እመለከታለሁ። አንድ ቀን እኔ ራሴ «ሩሒዬ፣ በሞቴ...» ብዬ ስጀምር ምሥራች በክርኗ ጎነጠችኝ። ያን ያህል ጠያቂ ሴት ለአንዲት ልጅ «አይሆንም» ያን ያህል ስትጠነቀቅ ሳይ፣ ፊቷ ቀና ብዬ መናገር እየፈራሁ ሄድኩ።

የኦፕሬሽኑ ዕለት ሩሐማ አልጋው ላይ ሆና ምሥራችን ጠራቻት።

«ሪሊ ደግመሽ አትጠይቂኝም?»

«አልጠይቅሽም።»

«ለእኔ ካልሆነ፣ ላይክ፣ ለማን ነው የሚደርሰው?»

«አላውቃትም። ምናልባት ገና አልተወለደችም።»

ሩሐማ ከትራሱ ቀና አለች። «ኦኬ። ግን እንደ እኔ ዲፌንስ የምትጫወት ከሆነች ብቻ» አለችና እጇን ለወረቀቱ ዘረጋች። ጉልበቷ ከተጎዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ነው።

ኦፕሬሽኑ ሲያልቅ ምሥራች አልተሰናበተችንም። የበረዶ ሳጥኗን እስከ አፉ የሞላ ሾርባ ይመስል በሁለት እጇ ይዛ፣ ከሰው ትከሻ እየሸሸች በኮሪደሩ ሄደች። የማታውቃትን ልጅ ጉልበት ይዛ ስትጣደፍ፣ ሳላስበው ከመቀመጫዬ ተነሥቼ ቆሜ ሸኘኋት።

ከኦፕሬሽኑ ወራት አልፈው፣ ሩሐማ አሁን ቀስ እያለች መሮጥ ጀምራለች። ሜዳ ትመለስ እንደሆነ ገና አይታወቅም፤ ኳሷን ግን ከደበቅኩበት አውጥታዋለች።

ባለፈው እሑድ ምሥራች ወደ እኔ መጣች። ለማነጻጸሪያ፣ ጉልበታቸውን አሟቸው የማያውቅ አረጋውያን ደምም ይፈለጋል አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ስሜን መጻፍ የተማርኩት በስተርጅና ስለሆነ፣ መፈረም የመሰለ ደስታ የለኝም። ያደግሁበት ደንብ ግን ቀደመኝ፤ «አይ ልጄ፣ ይቅርብኝ» አልኳት።

«እሺ እማማ» ብላ ቦርሳዋን ዘግታ ሄደች።

ይኸው ሳምንቱን ሙሉ እስክሪብቶዬን አዘጋጅቼ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ስልኩ አጠገብ ተቀምጫለሁ። ሩሐማ እያለፈች ትስቅብኛለች። «እማማ፣ እሷ እኮ ኮል አታደርግም። አንቺ ደውይ» ትለኛለች።

ደንቤን ዋጥ አድርጌ ልደውልላት ነው።