ዓይኑን የጨፈነው ካሜራ

ከኮሚቴ የሚያስጥል እርጅና የለም። ባሕር ማዶ የሰው አገር የድሮ ፊልም ስጠግን አርጅቼ ጂንካ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ያወቀኝ አንድም ሰው አልነበረም። የባህል መሥሪያ ቤቱ ግን ወዲያው አወቀኝና የካሜራ መረጣ ኮሚቴ አባል አደረገኝ። አገር የምታስታውስሽ ሥራ ሲበዛባት አይደል?

የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን በቪዲዮ ካሴት ተሞልቷል። እርቅ፣ ምርቃት፣ ዘፈን፣ ሁሉም አለ፤ ማጫወቻው ተበላሽቶ ምትክ ጠፍቷል እንጂ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ስለዚህ ቆረጥኩ፦ ከእንግዲህ የምንቀርጸው የልጅ ልጅ በማንኛውም ኮምፒዩተር ሊከፍተው በሚችል ፎርማት ይሆናል፤ አለዚያ እኔ ከዚህ ወንበር አልነሣም።

ሰብሳቢያችን ከሰሜን ተመድበው የመጡ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ካሜራን ግን እንደ በሬ በግዝፈቱ ነው የሚመርጡት። ትከሻ ላይ የማይወጣ ካሜራ መሥሪያ ቤቱን አይመጥንም አሉ። እኔም ሊቀርጽ ነው ወይስ ሊፎክር ብዬ ጠየቅኳቸው። በመጨረሻ እንደ ሁለት መንግሥታት ተደራደርን፦ ካሜራው በሳቸው ምርጫ፣ ፎርማቱ በኔ።

ለቀረጻ ኦሞ ወንዝ ዳር ወዳለችው ኮልቾ መንደር ወረድን። ኦሞ እንደ ድሮው ሞልቶ ዳሩን ማጠጣት ከተወ ወዲህ፣ የትኛው የወንዝ ዳር እርሻ የየትኛው ቤተሰብ እንደነበር አሟልተው የሚያውቁ አንድ አዛውንት ብቻ ቀርተዋል። ሳላቸውም አያስተማምንም።

ካሜራው ተተከለ። አዛውንቱ ተነሡ፣ በትራቸውን ይዘው አንገታቸውን አቀኑ፣ እንደ ሐውልት ቆሙ። ይናገሩ ቢባሉ ከንፈራቸው ንቅንቅ አይልም። ምን ያድርጉ? ዕድሜ ልካቸውን የመጣ ቱሪስት ሁሉ አትንቀሳቀስ ሲላቸው ኖሯል፤ ካሜራ ፊት መናገር ፎቶ ማበላሸት ነው። ሰብሳቢው፣ አባባ ይህ እኮ ቪዲዮ ነው፣ ይንቀሳቀሱ እንጂ ብለው ለመኗቸው። አዛውንቱም እሺ ብለው በጎን ዞሩና ቆሙ።

ይህን ሁሉ መንገድ ፎቶ ላነሣ አልመጣሁም! የካሜራውን የሌንስ ክዳን በእጄ ይዤ፣ አባባ፣ ዓይኑን እጨፍነዋለሁ፤ ጆሮው ግን ይሰማል፣ የሚሉትንም ይይዛል፤ ይፈቅዳሉ? አልኳቸው።

አጠገባቸው ወደቆመችው ሴት ልጃቸው ዞር ብለው፣ ይህችን ቱሪስት አማርኛ ማን አስተማራት? አሉ። እኔን፣ የጂንካዋን! ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው፣ «ጆሮ ጥሩ ነው፤ ጆሮ ቁም አይልም» አሉና በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። ክዳኑን ገጠምኩ። በገዛ ቋንቋቸው፣ እየሳሉ፣ በበትራቸው ከዚህ ዛፍ እስከዚያ መታጠፊያ እያመለከቱ፣ የወንዙን ዳር ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረኩት። የዘነጉ ሲመስላት ልጃቸው ታስታውሳቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ ይቆጧታል።

ጂንካ ተመልሰን በትልቁ ስክሪን ከፈትነው። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ አንዲት ሳል እንኳ አላመለጠችም። ምስሉ ድቅድቅ ጨለማ። ሰብሳቢያችን አተኩረው ተመለከቱ። ዛሬስ ተሸነፉ ብዬ ልደሰት ስል፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉና በኩራት፣ «አያችሁ፣ ትልቅ ካሜራ ጨለማውን ራሱ እንዴት አጥርቶ እንደሚይዘው!» አሉን።