ገና ነው ባዩ ሙሴ ሬሚ

ሥራ የሚጀምር ሰው ሞልቷል፤ የሚጨርስም አይጠፋም። እግዜር ግን በየአገሩ አንዳንድ የማይጨርስ ሰው ያስቀምጣል። ልብስ ሰፊ ከሆነ የሙሽራውን ሱሪ የሚያስረክበው ሠርጉ ካለፈ በኋላ ነው። አናጺ ከሆነ በሩን ሲልግ ሲልግ መስኮት ያደርገዋል። ሰነፍ ነው እንዳይባል ከንጋት እስከ ማታ ጎንበስ እንዳለ ነው። ለሜልበርን አበሻ የደረሰው ደግሞ ፈረንሳዊ ነው፤ ክቡር ሙሴ ሬሚ፣ የፎቶግራፍና የሥዕል መጻሕፍት አሳታሚ።

አሳታሚ ሲባል ትልቅ ድርጅት እንዳይመስላችሁ። ድርጅቱ እሱ ራሱ፣ አንዲት ብስክሌትና ፈረንሳይ አገር ማርሴይ ከተማ ሆና ደብዳቤ የምትመልስ እህቱ ናቸው። አለቃ ስለሌለው «ነፃ አሳታሚ ነኝ» ይላል። ለአንድ የመጻሕፍት ትርኢት ሁለት ሳምንት ሊቆይ መጥቶ ይኸው እ.ኤ.አ. በ2015 አራተኛ ዓመቱን ያዘ። የመመለሻ ሻንጣውን ሸክፎ አልጨረሰም ይላሉ የሚያውቁት።

ወንድይፍራው የሚባል የአገራችን ልጅ ሙሴን የተዋወቀው በሥራው ላይ ነው። ከሜልበርን ዳር፣ ላቨርተን ኖርዝ አንድ መጋዘን ውስጥ የጭነት ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የመጣ የመጻሕፍት ጭነት ሲያወርድ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ቀጭን ፈረንጅ «አቁም» አለው። ካርቶኖቹን አንድ በአንድ ከፍቶ የስድስት መቶ መጻሕፍት ጠርዝ በጣቱ ዳበሰ። ሺፍቱ አለቀ፤ ሰውየው አልጨረሰም። በመጨረሻ ጠርዟ የታጠፈ አንዲት መጽሐፍ ተገኘች፤ ሙሴ ሬሚ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ወንድይፍራው አዘነለትና ሻይ ገዛለት። ያች ሻይ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜውን አስበላችው።

ሻይ ላይ ወሬ ወሬን አነሳና፣ ወንድይፍራው ፍሌሚንግተን ሰፈር የመንግሥት ፎቆች ውስጥ የሚኖሩ የአገሩ ሰዎች በስደት ተሸክመውት ስለመጡት የድሮ ፎቶ አወራለት። የሙሴ ዓይን በራ። በዚያው መጽሐፍ ተጀመረ፤ ወንድይፍራውም አስተርጓሚ፣ ሾፌርና ካርቶን ተሸካሚ ሆኖ ተሾመ።

ሙሴ መጀመሪያ የተማረው አማርኛ «ገና ነው» የሚለውን ነው፤ ሌላ መማርም አላስፈለገውም። መጽሐፉ መቼ ይወጣል? ገና ነው። ወረቀቱ ተመረጠ? ገና ነው። አንድ ቅዳሜ አሥራ አንድ ዓይነት ነጭ ወረቀት ደርድሮ ወንድይፍራውን ዓይኑን አስጨፍኖ አስዳበሰው።

«የቱ ይሻላል?»

«ሁሉም ወረቀት ነው» አለ ወንድይፍራው። ሙሴ ለሳምንት አኮረፈው።

ፎቶዎቹን በቅደም ተከተል ለማስያዝ ደግሞ የፎቆቹን የስብሰባ አዳራሽ ወለል ሞላው፤ የእድሩ አባላት ሁለት ስብሰባ ግድግዳ ተደግፈው አሳለፉ። ሙሴ ሽፋኑ ላይ ስም አይጻፍም ሲል የእድሩ ሊቀ መንበር ጋሼ ተስፋሚካኤል አልቻሉም። «ስም የሌለው መጽሐፍ ክርስትና ያልተነሳ ልጅ ማለት ነው፤ ይህን ንገረው» አሉ። ወንድይፍራው ተረጎመ። ሙሴ በጣም ደስ ብሎት ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ስም ግን አላወጣም።

ይህ ሁሉ ያስቃል። የማያስቀው የእትዬ አስካለማርያም ነገር ነበር።

እትዬ አስካለማርያም ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን ይኖራሉ። ባለቤታቸው አቶ ጌታቸው የሞቱት ሱዳን፣ በስደት ላይ ሳሉ ነው። የቀረቻቸው ገዳሪፍ የተነሷት አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፤ አውራ ጣት ታህላለች። የእትዬ ዓይን እየደከመ ስለሄደ ያን ፊት ለይተው ካዩት ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ሐኪሙም የቀረው ብርሃን እስከ ፋሲካ ላይቆይ ይችላል ብሏቸዋል። ፎቶዋን ለሙሴ ሲሰጡ ወንድይፍራውን «መጽሐፍ ላይ ሲወጣ ይተልቃል አይደል? ዓይኔ ሳይጨልም አንዴ ባየው» አሉት።

«ይተልቃል እንጂ እትዬ» አለ። ሙሴን ግን አልጠየቀውም። መጽሐፍ ላይ የወጣ ነገር መተለቁን ማን ይጠይቃል?

የካቲት ላይ ሙሴ የመጽሐፉን ናሙና ይዞ መጣ። እትዬ ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀበሉት። ወንድይፍራው ገጹን ሲያይ ክው አለ። ሰፊ ነጭ ገጽ፣ መሐሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህሉ አቶ ጌታቸው።

«ፎቶ የሚታተመው በተወለደበት ልክ ነው» አለ ሙሴ ኮራ ብሎ። ሃያ ዓመት የጸናበት ሃይማኖቱ ነው።

እትዬ መጽሐፉን አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት። ከዚያ ጭናቸው ላይ አኖሩና፣ ከፎቶዋ አንድ ስንዝር ራቅ ያለውን ባዶ ነጭ በጣታቸው ዳበሱት።

«ቁርጥ እሱን ነው» አሉ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በለው። ስንት ደክሟል።»

ምን ያድርጉ? ሦስት ዓመት ለለፋ እንግዳ፣ ደጃፍ ድረስ መጥቶ፣ አላየሁትም ይባላል? ወንድይፍራውም ያው በይሉኝታ ያደገ ነውና ምስጋናውን ብቻ ተረጎመ። በልቡ ግን «ወረቀት ለመዳበስ የማይታክተው ሰውዬ የሰው ፊት ማየት አቃተው» እያለ ይራገማል። ሙሴ ግን የእትዬ ጣት ያረፈበትን ቦታ እያየ ነበር። ናሙናውን ቀስ ብሎ ተቀብሏቸው ወጣ።

«ቅር አሰኘሁት ይሆን?» አሉ እትዬ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየው ጠፋ። ስልክ አያነሳም። መጋቢት ሊያልቅ ተቃረበ። ወንድይፍራው ከሺፍት ሲወጣ እትዬን ይጠይቃል፤ አንድ ቀን የገዛ ቤታቸው መስኮት በየት በኩል እንደሆነ ሲጠፋቸው አየና መኪናው ውስጥ ተቀምጦ አለቀሰ። «ይተልቃል» ያለው እሱ ነዋ። ጋሼ ተስፋሚካኤል ደግሞ «ፎቶዋን ይዞ አገሩ ገብቷል» ብለው ደመደሙ።

በሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ ሙሴ ሬሚ የእትዬን በር አንኳኳ። ሊፍቱ ስለማይሠራ ዘጠኙን ፎቅ በእግሩ ወጥቶታል፤ ጢሙ አድጓል፤ ጣቶቹ ቀለም ጠጥተዋል።

«ማተሚያውን አስቆምኩት» አለው በሩን የከፈተለትን ወንድይፍራውን፣ መጽሐፉን እያቀበለው። «ሃያ ዓመት ሙሉ ትክክል ነኝ ብዬ ነበር።»

ወንድይፍራው መጽሐፉን ገልጦ ለእትዬ አቀበላቸው። አቶ ጌታቸው ገጹን ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልተውታል፤ ነጭ የሚባል ቦታ የለም። እትዬ ወደ ብርሃኑ ዞሩ። ጣታቸው ከግንባሩ ተነስቶ፣ በአፍንጫው ወርዶ፣ አገጩ ሥር ሲደርስ ቆመ።

«ተላጭቻለሁ ብሎኝ ነበር እኮ» አሉ። «ይኸው፣ እዚህ ጋ አልተላጨም። ቀጣፊ።» እያለቀሱ ይስቁ ነበር።

ወንድይፍራው ተረጎመ። ሙሴ አጉሊ መነጽሩን አወጣና ገጹ ላይ ጎነበሰ፤ የአገጩ ጥቁረት ትንሽ እንደበዛ፣ አንድ ሳምንት ቢሰጡት እንደሚያስተካክለው ማስረዳት ጀመረ። ይህን መተርጎም አላስፈለገም። እትዬ መጽሐፉን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጉት።

«እንዳይነካብኝ በለው» አሉ። «ይልቅ ቁጭ ይበል፤ የጾም ነው ግን ምሳ አለ። እንዴት እንደከሳ አታይም?»

ሙሴ አጉሊውን ኪሱ ከተተ። ወንድይፍራው ሦስት ዓመት ያጠራቀመውን ስድብ ፈለገ፤ አንድም አልመጣለትም። ወንበር ስቦ አቀረበለት።