ስም አትጻፉ ተብለን የሞላነው ቅጽ

«ስምህን አትጻፍ፤ የልብህን ብቻ ጻፍ» የሚል መሥሪያ ቤት አንድም ውሸታም ነው፣ አንድም ሠራተኞቹን አያውቅም። የእኛው ሁለተኛው ነው። እንዴት አወቅህ በሉኝ… እነግራችኋለሁ። መቼም ይኼን የምታነቡት ሥራ ቦታ ተቀምጣችሁ ነው፤ ጊዜ አላችሁ።

የምሠራው እዚሁ ሶዶ፣ በአርባ ምንጭ መውጫ በኩል፣ ነዳጅ ፍለጋ ቆላ ወርደው የሚቆፍሩ ሰዎች የሰበሩትን ዕቃ በሚጠግን ድርጅት ውስጥ ነው። የጎበጠ ቧንቧ፣ የነከሰ ፓምፕ፣ የተላጠ የመቆፈሪያ ጥርስ በከባድ መኪና ተጭኖ ይመጣልናል፤ እኛ አጥበን፣ ፈትሸን፣ በይደን እንመልሳለን። በዚህ ሁሉ ዘመን ከመሬት የወጣች አንዲት ጠብታ ነዳጅ በዓይኔ አላየሁም። ለነዳጅ የምንደክመው ሰዎች ለሞተር ሳይክላችን ቤንዚን ስናጣ ቦዲቲ ድረስ ጀሪካን ይዘን እንሄዳለን። ሳቁ፣ ሳቁ… እኔም መጀመሪያ ሰሞን ስቄ ነበር።

የእኔ ድርሻ ፍተሻ ነው። ቧንቧውን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ አዳምጥና በነጭ ቀለም ወይ «ደህና» ወይ «ስንጥቅ» ብዬ እጽፍበታለሁ። ድሮ መስቀል ነበር የማደርግበት፤ ፊደል አልቆጠርኩማ! ሀ ሁ ያልኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ፣ ልጄ ሊሆን የሚችል አስተማሪ ፊት፣ ጉልበቴ በማይገባበት ዴስክ ተቆልምሜ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ጽሑፍ ደግሞ ከሩቅ ይጮሃል። የእኔ «መ» መነጽር ያደረገች ዳኛ ትመስላለች። «ጠ» በሦስት እግሯ እንደ በርጩማ ተንሰራፍታ ነው የምትቆመው። ሹፌሩም፣ ጫኙም፣ ቆላ ያለው ቆፋሪም ያውቃታል። አንዴ ገሱባ ገበያ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው፣ «ያ ‹ስንጥቅ› ብለህ የምትጽፈው ሰውዬ አንተ ነህ?» ብሎኛል።

አሁን ፓራንኮውን ላስተዋውቃችሁ። ፓራንኮ ሰንሰለቱን እየሳባችሁ ከባድ ዕቃ የምታነሱበት ማንሻ ነው። የእኛው ያነሳል፤ ችግሩ ሲያሰኘው ይለቃል። ያለ ማስጠንቀቂያ፣ ያለ ይቅርታ፣ ዘጭ! ባለፈው ክረምት አንድ ፓምፕ ለቀቀና የሥራ ጓደኛዬን የማርቆስን ጫማ ጫፍ ቆርጦ አለፈ። ጣቱ ተረፈች። ጫማው ግን አፉን ከፍቶ ቀረ፤ ማርቆስም ሳይቀይር እስከ ዛሬ ያደርገዋል፤ ሲራመድ ከአባያ ሐይቅ የወጣ ዓሣ ይመስላል። ፓራንኮው ይቀየር ብለን ስንት ጊዜ አመለከትን። መልሱ ሁሌም አንድ ነው፦ «በሂደት ላይ ነው።» ሂደቱ እየሄደ፣ ማርቆስ በየቀኑ ከሥሩ እየቆመ… እኔ በበኩሌ የፓራንኮው ተሸካሚ ብረት ላይ በቀለም «ከሥሬ አትቁም» ብዬ ጻፍኩበት። ግን ከሥሩ ሳይቆሙ ፓምፑን ማን ይፍታው?

በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ ወይዘሪት ሕሊና የምትባል የሰው ሀብት ኃላፊ ተመደበችልን። ደግ ልጅ ናት፣ አልዋሽም። ሰብስባን «የሠራተኛ ተሳትፎ»፣ «የቡድን መንፈስ» አለችና ቅጽ አደለችን። «ስም አይጻፍም። ማን ምን እንዳለ ማንም አያውቅም። ምንም ሳትፈሩ ጻፉ!»

ምንም ሳትፈሩ… ለማን ነው የምትናገረው? በሕይወቴ አንድ ሰው «ጻፍ» ብሎ ለምኖኝ አያውቅም ነበር። ተቀመጥኩና ጻፍኩ።

«ድርጅቱ እንደ ቤተሰብ ይሰማዎታል?» ይላል ቅጹ። አዎ፤ አባቱ ወጥቶ እንደቀረበት ቤተሰብ።

«ከዋና ሥራ አስኪያጁ ጋር ያለዎት ግንኙነት ምን ይመስላል?» በመኪና መስታወት በኩል ነው። ወርክሾፕ ገብተው አያውቁም፤ ቢገቡ መውጫው ይጠፋቸዋል።

«በሥራዎ ላይ ከፍ የሚያደርግዎ ነገር ምንድን ነው?» ፓራንኮ። እሱም ይለቃል። ሰው ሳይገድል ቀይሩት።

ቀለሙ ሳይደርቅ ማርቆስ መጣ። «ታ ኢሻ» አለኝ፤ ወንድሜ ማለቱ ነው፣ በወላይትኛ የሚጠራኝ ሲፈልገኝ ብቻ ነው። «የእኔንም ጻፍልኝ። እኔ ከጻፍኩ የእጅ ጽሑፌን ይለዩታል።»

እዚህ ላይ ቆም በሉና ፍረዱኝ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሰው እኔን «ጻፍልኝ» አለኝ! ቁመቴ በአንድ ስንዝር ጨመረ። ጻፍኩለት። እሱን ያየ ሁሉ ተሰለፈ። ዘበኛችን አዋ ባሳ መጡ፤ አዋ አባት ማለት ነው፣ ግቢው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። «ሥራ አስኪያጁ የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው በልልኝ» አሉ። «ከልብዎ ነው አዋ?» ብላቸው፣ «ጡረታዬ ደርሷል፣ ልቤን ተውና ጻፍ» አሉኝ። ጻፍኩ። በመጨረሻ ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጴጥሮስ! ጓንት ስጠን ስንለው በቁልፍ ሆዱን የሚያክክ ሰው።

«ግምጃ ቤት ምንም አልጎደለም በል» አለኝ። «ጓንት የሚያልቀው ሠራተኛው ሆን ብሎ ስለሚቀደው ነው በል።»

«ይኼንንም በእኔ እጅ?»

«ሥራህ መጻፍ አይደል እንዴ?»

ሳልጨምር ሳልቀንስ ጻፍኩ። ብቻ ወረቀቱን ትንሽ ጫን አልኩበት።

አሁን ገባችሁ? የእጅ ጽሑፋችን እንዳይታወቅ ብለን፣ በአገሩ ሁሉ በምትታወቀው በአንዲቷ እጅ ጻፍነው! አንዳችንም አላሰብነውም። ወላሂ፣ እናቴ ትሙት፣ በምታምኑት ሁሉ… አንዳችንም!

ቅዳሜ ዕለት የቡድን መንፈስ ቀን ተባለና ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ዳሞታ ተራራ ፊት ለፊት ወዳለ መዝናኛ ተጫንን። ሥጋ በሚያቃጥል ዳጣ ቀረበ፤ እስኪ ይሁን አልኩ። ከዚያ ሳሩ ላይ የመተማመን ጨዋታ ተጀመረ። ዓይንህን ጨፍነህ ወደ ኋላ ትወድቃለህ፣ ከኋላህ ያለው ባልደረባህ ይይዝሃል። ወይዘሪት ሕሊና ምን ብትመርጥ ጥሩ ነው… ጴጥሮስ እንዲወድቅ፣ እኔ እንድይዝ!

ጴጥሮስ ጨፈነ። ገለጠ። ዞሮ አየኝ። ጨፈነ። እንደገና ዞረ።

«ይተማመኑ እንጂ አቶ ጴጥሮስ!» አለች ልጅቷ።

«እይዘዋለሁ፣ ግን ጓንት ያስፈልገኛል» አልኩ እኔ።

ጴጥሮስ አራተኛ ጊዜ ዞሮ አየኝና ቀስ ብሎ፣ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ፣ ሳሩ ላይ ተቀመጠ።

ከሳሩ ወደ አዳራሽ ገባን። ዋና ሥራ አስኪያጁ አቶ ግርማቸው ከፊት ተሰየሙ። ወይዘሪት ሕሊና ፕሮጀክተሩን አበራች። «አሁን የራሳችሁን ድምፅ ትሰማላችሁ! ስም የለም፣ ቅጾቹን ፎቶ አንስቼ ነው ያመጣኋቸው» አለች በደስታ።

ግድግዳው ላይ የእኔ «መ» በር አክላ ወጣች።

አዳራሹ በሙሉ አንድ ላይ ዞሮ አየኝ። ወንበሮቹ ራሳቸው የዞሩ መሰለኝ። ቧንቧ የሚያመላልሰው ሹፌር ሳይቀር! እኔ ምን ላድርግ? እኔም ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ግድግዳ ነበር።

አቶ ግርማቸው ጮክ ብለው አነበቡት፤ አባቱ ወጥቶ የቀረበት ቤተሰብ፣ የመኪናው መስታወት፣ የጠፋው መውጫ፣ ሰው ሳይገድል ቀይሩት። አንገታቸው ቀላ። ቀጣዩ ምስል መጣ፤ ያችው ጽሑፍ፣ ያችው ባለ ሦስት እግር «ጦ»፦ «ሥራ አስኪያጁ የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው።» ቀጣዩ፣ በዚያው እጅ፦ «ጓንት የሚያልቀው ሠራተኛው ሆን ብሎ ስለሚቀደው ነው።»

«ቆይ፣ ቆይ…» አሉ። «ይኼን ሁሉ የጻፈው አንድ ሰው ነው?»

ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ።

«ጤነኛ ነው ይኼ ሰውዬ?»

ማርቆስ ጣሪያውን ያጠናል። አዋ ባሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ።

«ጋሽ ግርማቸው፣ ስም አንጠይቅም ብለናል እኮ» አለች ልጅቷ፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ስም አልጠየቅኩም! የማን እጅ ጽሑፍ ነው ነው ያልኩት!»

አያችሁልኝ? በዚያ አዳራሽ ውስጥ ያችን ጽሑፍ የማያውቃት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ወርክሾፕ ገብቶ የማያውቀው። መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞቹን አያውቅም ስል ገና አላመንኩም ያለ ካለ ማስረጃው ከፊት ቆሞ እየጮኸ ነው።

አንድም ሰው አልተናገረም። ጴጥሮስ እንኳ! ፍቅር እንዳይመስላችሁ። እኔ የጻፍኩለት ሁሉ እኔ ከተያዝኩ እንደሚያዝ ገባው። እያንዳንዱ ለራሱ ቆዳ ፈርቶ አብሮ ዝም አለ። ከሥጋውም ከጨዋታውም ይልቅ የቡድን መንፈስ ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

«መልካም» አሉ አቶ ግርማቸው። «ሰኞ ጠዋት እኔው ራሴ ወርክሾፕ እገባለሁ። የእያንዳንዱን ጽሑፍ አያለሁ።»

ሰኞ ጠዋት ገቡ። በሚያብለጨልጭ ጫማ፣ ቅጹን በእጃቸው ይዘው። ወይዘሪት ሕሊና ከኋላ። ሰው መጠየቅ እንኳ አላስፈለጋቸውም። የመጀመሪያው ቧንቧ ላይ «ደህና»፤ ቅጹን አዩ። ሁለተኛው ላይ «ስንጥቅ»፤ ቅጹን አዩ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ አጥሩ ጥግ የተደረደረው ሁሉ… ወርክሾፑ በሙሉ የእኔ ፊርማ ነበር። እኔ ብሩሹን ከጀርባዬ ደብቄ ቆሜያለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ ቀለሙ ይንጠባጠባል።

ከዚያ ፓራንኮው ጋ ደረሱ። ማርቆስ ፓምፕ አንጠልጥሎበት ነበር። አቶ ግርማቸው ቀና ብለው «ከሥሬ አትቁም» የሚለውን አዩ። ቅጹን ወደ ላይ ዘረጉና የእኔን «ም» ከቅጹ «ም» ጋር ማስተያየት ጀመሩ። የት ቆመው? ጽሑፉ የሚለውን ያነበበ ሰው ይገምታል… በትክክል ከሥሩ!

ፓራንኮው «ቀጭ» አለ። ያችን ድምፅ እናውቃታለን።

«ይውጡ! ጋሼ ይውጡ!» ማርቆስ ጮኸ። ሰውየው ደንግጠው ወደ ኋላቸው ተዘረሩ። ከኋላቸው ደግሞ እኔ ነኝ። ያዝኳቸው… ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ አንድ አፍታ አስቤ ነው የያዝኳቸው። ፓምፑ ዘጭ አለ። ቅጹ ከሥሩ ተለጥፎ ቀረ። ሳሩ ላይ ከጴጥሮስ ጋር እምቢ ያለው የመተማመን ጨዋታ እዚህ ሠራ፤ ያውም ሳይጨፍኑ።

ብብታቸውን ይዤ ቁልቁል ሳይ፣ የቀኝ ጫማቸው ጫፍ ተቆርጧል። ጣታቸው በካልሲ ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። ማርቆስ ጠጋ ብሎ የራሱን ጫማ ከጎኑ አቆመ። ሁለት የአባያ ዓሦች አፋቸውን ከፍተው ተያዩ።

«ይኼ… ሁሌ ነው እንዲህ የሚያደርገው?» አሉ በቀጠነ ድምፅ።

«በሂደት ላይ ነው» አለ ማርቆስ።

አዲሱ ፓራንኮ በአራተኛው ቀን መጣ። ሂደቱ ለካ ጫማ ነበር የሚፈልገው።

በዚያው ቀን ጠዋት ለእኔም ደብዳቤ መጣልኝ፦ «ስምዎን ሳይጠቅሱ የሥራ ኃላፊን የሚነካ ጽሑፍ በመጻፍዎ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶዎታል።» ወይዘሪት ሕሊና ስትሰጠኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔ ነኝ ስም አትጻፉ ያልኩት» አለችኝ። እኔ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ድሮ ደብዳቤ ሲመጣልኝ የሚያነብልኝ ጴጥሮስ ነበር፤ ምን እየዘለለ እንዳነበበልኝ አንድዬ ነው የሚያውቀው። ይኼን ከማህተሙ እስከ ግልባጩ እኔው ራሴ፣ ያለ ማንም፣ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አስጠሩኝ። ማርቆስ አዲሱን ፓራንኮ ሰቅሎ ከሥሩ ይዘፍናል። አቶ ግርማቸው የተጠገነ ጫማቸውን አድርገው ቆመዋል፤ አሁን መውጫውን ለምደውታል።

«እዚህኛውም ላይ ይጻፍበት» አሉኝ። «እንደ በፊቱ። ከሩቅ በሚታየው ጽሑፍህ።»

ብሩሼን ይዤ መሰላል ወጣሁ። «ከሥሬ አትቁም» ብዬ ጻፍኩ። «ም»ዋን በተለይ አሳመርኳት። ከዚያ የጠዋቱ ደብዳቤ ኪሴ ውስጥ ኮሸሽ ሲል ትዝ አለኝና ከላይ ሆኜ ጠየቅኳቸው።

«ጌታዬ፣ በዚህኛው ላይ ስሜን ልጻፍበት እንዴ? ማስጠንቀቂያው እንዳይደገም ብዬ ነው።»

ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ጽሑፉን አዩት። ጫማቸውን አዩት።

«አያስፈልግም» አሉኝ። «ይታወቃል።»