ቤትሮስ ጋ ወራጅ

መንግሥት ቁጥር ይወዳል፤ ሕዝብ ስም ይወዳል። ሁለቱ ሲነጋገሩ የማይደማመጡትም በዚህ ይመስለኛል። የምኖርባት የጅቡቲ ከተማ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ፈረንሳዮቹ ሰፈሩን ሲከፋፍሉ ካርቲየ አንድ፣ ካርቲየ ሁለት እያሉ እንደ እስረኛ በቁጥር ጠሩት፤ እነሱ ሄዱ፣ ቁጥሩ ቀረ። ሕዝቡ ግን ቁጥር አፉ ላይ አልጥም ስለሚለው አንዱን ጥግ በዛፍ፣ አንዱን በሟች ሐኪም፣ አንዱን ደግሞ ከተዘጋ ዘመን ባስቆጠረ ዳቦ ቤት ይጠራዋል። ዳቦ የሌለበት ዳቦ ቤት ጋ ስንት ጊዜ ወርጃለሁ መሰላችሁ! እናንተም ዘንድ እንዲህ ሳይሆን አይቀርም። የሌለ ነገር መንገድ የሚያሳይበት ከተማ ብዙ ነው።

የኔን ባል ግን ከተማው ፌርማታ ያደረገው በቁሙ ነው።

ጴጥሮስ ይባላል። ይባል ነበር ልበል? ይህን «ነበር» የሚሉትን ቃል ገና አልለመድኩትም። አባቱ ከአገር ቤት በባቡሩ መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ እሱም በባቡሩ ጋራዥ እጁን ያፍታታ ሰው ነው። ባቡሩ ሲያነክስ፣ ሲያነክስ ቆይቶ ጨርሶ ሲቆም፣ ሃያብለ በሚባለው ሰፈራችን መንገድ ዳር፣ ከቤታችን ደጃፍ ላይ ጎሚስታ ከፈተ። ሚኒባሶቹ ጎማቸው በተነፈሰ ቁጥር እሱ ጋ ይቆማሉ፤ የቆመ መኪና ሰው ያወርዳል፤ ሰው ደጋግሞ የወረደበት ደግሞ ፌርማታ ነው። ማንም ሳይወስን፣ ማንም ሪባን ሳይቆርጥ ፌርማታው ተወለደ።

ጴጥሮስ ግን አይሉትም። የሶማሌ ምላስ «ጰ»ን አይወድም፤ ዓረብኛውም አያግዘውም። ስለዚህ ባሌ ቤትሮስ ሆነ። «ቤትሮስ፣ ጆግሶ!» ይላል ወራጁ፤ ጆግሶ ማለት አቁም ነው። እሱ ይስቅና «ቤት ቢከለክሉኝ በስሜ ውስጥ አስገቡልኝ» ይል ነበር። ቀልድ ብቻ አልነበረም። የተቀመጥንበት መሬት «ጊዜያዊ» ስለሆነ በጣውላና በቆርቆሮ እንጂ በሲሚንቶ መሥራት ክልክል ነው ተባልን፤ በዚያ ጊዜያዊ ቤት ውስጥ የኔ ፀጉር በቋሚነት ሸበተ። ለመንግሥት ቤት ተመዝግበን በየዓመቱ «ለሚመጣው ዓመት፣ ኢንሻላህ» ይሉናል። ኢንሻላህን እግዜር ሰማ፣ ቢሮው አልሰማም። ካምሲን የሚሉት ያ ትኩስ ነፋስ ጣሪያችንን ሊገነጥል ሲነሳ እሱ አሮጌ ጎማ እያመጣ ይጭንበታል። ከላይ ላየን ሰው ቤት ሳይሆን የተበላሸ መኪና ነበር የምንመስለው።

ልጅ አልወለድንም። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ ሳይሆን ለነገሩ ስለሚያስፈልግ ነው። በኛ ዘንድ የአባት ስም በልጁ ስም ጀርባ ታዝሎ ይኖራል፤ የጴጥሮስን ስም የሚያዝል ጀርባ ግን አልነበረም። አርባው ወጥቶ ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ሲበተን፣ ስሙን በየቀኑ የሚጠራልኝ ማን ቀረ? ሚኒባስ።

እኔማ ጠርቼው አላውቅም። እናቴ ባልን በስሙ መጥራት ነውር ነው ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ በዕድሜም ስለሚበልጠኝ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ከኋላው ደግሞ «እሱ» እለዋለሁ። «እሱ ገባ?» «እሱ በላ?» ጎረቤቱ ሁሉ እሱ ማን እንደሆነ ያውቃል። እንግዲህ ጉዴን አስቡት። የሀብታሞቹ ሰፈር ሀራሙስ ካለው ቪላ የሰው ልብስ ስተኩስ ውዬ ስመለስ፣ ቤቴ ለመግባት በዚያ ሁሉ ሰው መካከል የባሌን ስም መጮህ አለብኝ። አልቻልኩም። ጎረቤቴ ኸድራ አብራኝ ስትሆን እሷ ትጮህልኛለች። ሌላ ወራጅ ካለም እሰየው። ከሌለ ግን አፌን ይዤ፣ የገዛ ቤቴን በመስኮት እያየሁት አልፌው፣ መስጊዱ ጋ ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ።

ኸድራ ድሬዳዋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። «አንቺ ሴትዮ» ትለኛለች፣ «እሱ አፈር ከገባ ስንት ጊዜው፣ አንቺ እስካሁን ታፍሪያለሽ! ጩሂ!»

በዚህ ሁኔታ እያለን ነው መሻሻል የመጣብን። ሰዎች መጡ፣ ለኩ፣ ሄዱ። ሌሎች መጡ፣ የተለካውን ለኩ፣ ሄዱ። ከዚያ ወሬው ደረሰን። ፌርማታዎች ሥርዓት ሊይዙ ነው፤ የኛ ይነሳል፤ በሱ ፈንታ ወደ ፊት ራቅ ብሎ፣ ቀለም ተቀብቶ እስካሁን ካልተከፈተው ጤና ጣቢያ ፊት ለፊት የሲሚንቶ መጠለያ ይሠራል። ስሙም ቁጥር አሥራ አራት። ከዚያ ውጭ የቆመ ሾፌር ይቀጣል።

ሰፈሩ ስለ እግሩ ተቆጣ። እኔ ግን የተቆጣሁት ስለ ስሙ ነው። ፌርማታው ከተነሳ «ቤትሮስ» የሚል አፍ አይኖርም፤ ባሌ ሁለተኛ ሊሞትብኝ ነው።

ኸድራ እጄን ጎትታ ከምኒልክ አደባባይ ብዙም ወደማይርቅ ቢሮ ወሰደችኝ። የተቀበለን ሹም፣ በፈረንሳዮቹ ልማድ «ሙሴ» የምንለው፣ ጨዋ ሰው ነው። ወንበር ሰጠን፤ ቀዝቃዛ ውሃም አስመጣልን። ክፉ ቢሆን በተሻለ ነበር፤ ክፉን ቢያንስ ይረግሙታል። ኸድራ ጉዳዩን ስትዘረዝርለት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ካርታ በጣቱ ተከተለና ወደኛ ዞረ።

«ቤትሮስ የሚባል ፌርማታ የለም።»

«እንዴት ነው የሌለው? ትናንት ወርጄበት!» አለች ኸድራ።

«ካርታው ላይ የለም፣ እናቴ። የሌለ ነገር ደግሞ አይነሳም። ስለዚህ ምንም አላነሳንም።»

እንዲህ ያለውን መልስ ምን ብላችሁ ትመልሱታላችሁ? ኸድራ አፏን ስትከፍት የሰውየው ስልክ ጮኸ። ለካ ሙሴው እዚያው ሃያብለ ቤት እያሠራ ኖሯል፤ የደወለውም መንገድ የጠፋበት ግንበኛ ነው። ግንበኛ! ለኛ ጣውላ፣ ለሱ ግንበኛ። ሰውየው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጮኸ።

«የለም፣ የለም! መስጊዱ ድረስ አትሂድ! ቤትሮስ ጋ ውረድ... አዎ፣ ቤትሮስ! ማንንም ጠይቅ፣ ሕፃን ያሳይሃል!»

ስልኩን ዘጋ። ኸድራ በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች። ሙሴው ካርታውን አየ፣ እኛን አየ፣ ውሃውን አየ።

«ይሄ... ለማስረዳት ያህል ነው» አለ።

«የኛም እኮ ለመውረድ ያህል ነው» አለችው።

እሱም ሳቀ፤ እኛም ሳቅን፤ የተለወጠ ነገር ግን አልነበረም። እዚህ አገር ሳቅና ውሳኔ በአንድ በር አይገቡም።

መጠለያው ተሠራ። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ሲሚንቶ፣ አግዳሚው ሲሚንቶ። ፊቱን ወደ ምዕራብ ስላዞሩት ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ልክ እንደ ተሳፋሪ ገብታ አግዳሚው ላይ ትቀመጣለች። ሰው ከኋላው ዞሮ ጥላው ሥር ይቆማል፤ ሾፌሩ ባዶ መጠለያ አይቶ ያልፋል፤ ሰው ከኋላ እየሮጠ ይሳደባል። ሥርዓት ማለት ይሄ ነው።

አንድ ቀን ኸድራ ልጇን ልትጠይቅ ሄዳለች፤ እኔ ሽንኩርት በከረጢት ይዤ ከሀራሙስ እየተመለስኩ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በልቤ ትንሽ ደስ ብሎኛል። ስሙ ከቀረ ቀረ፤ አሁን እንደ ማንም ሰው ቁጥር ጠርቼ ልወርድ ነው፤ ቁጥር አያሳፍርም።

«ቁጥር አሥራ አራት አውርደኝ» አልኩ።

ሾፌሩ በመስታወቱ አየኝ። «አሥራ አራት ሰው ነው የሚወርደው?»

«አይ፣ ፌርማታው ነው።»

«ካርቲየ ማለትሽ ነው?» አለ አጠገቤ ያለ ሽማግሌ። «ካርቲየ እንኳ ሰባት ላይ ያልቃል፣ ልጄ።»

«ወደቡ ይሆናል፣ እዚያ ሁሉም ነገር ቁጥር አለው» አለች አንዷ ከኋላ።

እነሱ ይህን ሲከራከሩ የኔ ደጃፍ አለፈ። የእሱ ጎሚስታ አለፈ። መጠለያው መጣ፣ ሊያልፍም ሆነ። ያን ጊዜ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ከአፌ ወጣ።

«ጴጥሮስ!»

በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ከነ «ጰ»ው፣ ከነ «ጥ»ው፣ በክርስትና እንደወጣለት አድርጌ ጠራሁት። አንድም ሰው ዞር አላለም።

«ምን አለች?» አለ ሾፌሩ፣ መኪናውን እየነዳ።

አያችሁ እንግዲህ። ባሌን አንድ ቀን በስሙ ብጠራው የሚያውቀው ጠፋ። እንባዬ መጣ፤ ከእንባዬ ቀድሞ ግን ንዴቴ መጣ።

«ቤትሮስ!» አልኩ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ። «ቤትሮስ፣ ጆግሶ!»

«ኣሃ፣ ቤትሮስ!» አለ መኪናው በሙሉ በአንድ አፍ። ሾፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ ሽንኩርቴ ተንከባለለ። «እንዲህ አትይም እንዴ፣ እማማ!»

ሽንኩርቴን እየለቀምኩ ስወርድ ያቺ የወደቧ ሴት ሾፌሩን ስትጠይቀው ሰማሁ። «ቤትሮስ እኮ አለፈ፤ ያ ጎማ ቤቱ ያለበት አይደለም?»

«ያ ድሮ ነው» አላት። «ቤትሮስ አሁን እዚህ ነው።»

ሚኒባሱ ሄደ። እኔ ከረጢቴን ይዤ ቀረሁ። እንግዲህ ባሌ ቤት ቀይሯል። በቁሙ ሲለምን የኖረውን ሲሚንቶ፣ ወለሉን ከነጣሪያው፣ ሰጥተውታል፤ ካምሲን ቢነሳ ጎማ መጫን አያስፈልገውም። የሰጡትም እንደሰጡት አያውቁም፤ ካርታቸው ላይ አሁንም አሥራ አራት ነው። ለሚመጣው ዓመት ይሉት የነበረው ለካ ይሄኛውን ዓመት ኖሯል።

ቤቱን ልየው ብዬ ገብቼ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሲሚንቶው እንደ ምጣድ ይፋጃል፤ ፀሐይዋም ዓይን ዓይኔን ትለኛለች። ሙሴውን የሚገባውን ያህል ረገምኩት። ከዚያ ተነስቼ እንደ ሰው ሁሉ ከኋላው ዞርኩና ጥላው ሥር ቆምኩ።

የእሱ ጥላ ድሮም እንዲህ ነበር፤ ከኋላው ለቆመ ነው የሚደርሰው።