የአባቴ መስፍ ዋጋ

ውርስ ሁለት ዓይነት ነው፤ ዘመድ የሚካሰስበትና ዘመድ «ግድ የለም፣ አንተ ውሰደው» የሚባባልበት። ለእኔ የደረሰኝ ሁለተኛው ነው።

አባቴ ዕድሜውን በሙሉ በባቡር ወርክሾፕ ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ባለፈው ዓመት ዐረፈ። እህቴ አልማዝ ፍሪጁንና የስፌት መኪናውን በታላቅ ኀዘን ተረከበች። ለወንድ ልጁ የቀረው መስፍ ነው፤ ቀጥቃጭ የጋለ ብረት አስቀምጦ በመዶሻ የሚመታበት፣ አንድ ጫፉ እንደ ቀንድ የሾለ፣ ክብደቱ የሁለት አማቶች ያህል።

በወደብ ከተማችን፣ ካርትዬ ሁለት በሚባለው ሰፈር፣ በቤታችን በር ሥር አኖርኩት። ባለቤቴ በመጣች በሄደች ቁጥር የእግሯን ጣት ትመታበትና ለሟች «ነፍሱን ይማር» ብላ ወደ እኔ ትዞራለች። በመጨረሻ «ወይ እሱ ወይ እኔ» አለች። እውነት ለመናገር፣ ትንሽ አሰብኩበት። ከዚያ ላስገምተው ቆረጥኩ።

በዚያ ሙቀት ታክሲ ውስጥ ስንጭነው መኪናው ከኋላ እንደ ግመል ተንበረከከ። ቡላኦስ ያለው የቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «በኪሎ ነው» አለኝ። በኪሎ! አባቴ ድንች ነው እንዴ የተወልኝ? ተቆጥቼ ፕላቶ ዱ ሰርፓን የሚባለው ሰፈር፣ አሮጌ ዕቃ ትወዳለች የተባለች ፈረንሳዊት ዘንድ ወሰድኩት። እሷማ አጨበጨበች። ነጭ ቀለም ቀብታ የአበባ ማሰሮ ልታስቀምጥበት ነው! አባቴ ከመቃብሩ ሲነሣ ታየኝና አመስግኜ ወጣሁ።

ባለታክሲው አዘነልኝ መሰለኝ፣ አምቡሊ ወደሚኖር አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አደረሰኝ። እዚህ ታላቅን ሰው በሶማሊኛ «አዴር» እንላለን፣ አጎቴ እንደማለት ነው። አዴር ሐሰን ከሐበሻ ሠራተኞች ጋር ስለኖሩ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። መስፉን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርጉት እንደ ደወል ጮኸ። የኩሽኔታ ኳስ ከላይ ሲለቁበት ኳሷ ዘልላ ወደ እጃቸው ልትመለስ ምንም አልቀራት።

«ይኼ እንደ ዛሬው አይደለም» አሉ፣ ፊቱን በመዳፋቸው እያበሱ። «አናቱ ንጹሕ ብረት ነው። እንዲህ ያለ አሁን ከየት ይገኛል?»

እኔ በዚህ ጊዜ በሐሳቤ ኤርኮንዲሽነር ገዝቼ፣ ቤቱን አቀዝቅዤ፣ ባለቤቴን ብርድ ብርድ ብሏት ነጠላ አልብሻት ነበር። ዋጋውን ጠየቅኋቸው። እሳቸው ግን የአባቴን ስም ጠየቁኝ። ነገርኳቸው።

«ከሥሩ ሦስት የመሮ ጭረት አለው» አሉ፣ መዶሻቸውን አስቀምጠው።

«ኧረ እንዴት ዐወቁ?»

«ገልብጠው።»

ከባለታክሲው ጋር እያቃሰትን ገለበጥነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

«እኔ ነኝ የጫርኩት» አሉ አዴር ሐሰን። «አባትህ ለሁለት ቀን ብሎ ነው የተዋሰኝ። ያኔ አንተ አልተወለድክም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሽማግሌው ግን ሳቃቸው መጣ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አንድ ቀን «መስፌስ?» ቢሉት አባቴ «ሁለቱ ቀን መቼ ሞላ?» ብሎ እንደመለሰላቸው ነገሩኝ። ያ በእርግጥ አባቴ ነው! እኔም ሳቄ አመለጠኝ፤ ባለታክሲውም ሳይገባው ተከተለን። በሕይወቴ ስዘረፍ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም፤ ለነገሩ የተዘረፉት እሳቸው ናቸው። መስፉን ከወርክሾፓቸው ግንድ ላይ በክብር አስቀምጠን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ተመራርቀን ልወጣ ስል ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አብሮት የወሰደው ትልቁ መዶሻስ?»

ማታ ለአልማዝ ደወልኩና የአባታችን ንብረት መገመቱን አበሠርኳት። መስፉን ስሸከም «ወንድም አለኝ» ማለት ረስታ ነበር፤ አሁን ግን «ያው እኩል ነው አይደል የምንካፈለው?» አለች፣ ድምፅዋ ማር ሆኖ።

«እኩል ነው እንጂ» አልኳት። «እኔ የመዶሻውን ራስ እፈልጋለሁ፤ አንቺ እጀታውን ፈልጊ።»