ድንኳናችን ጫካ ገባ

ድንኳን ማለት በብረት እግር ላይ ተወጥሮ ሰውን ከፀሐይና ከዝናብ የሚያስጠልል ሸራ ነው። ትርጉሙ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደግ ነበር። ጉለሌ ውስጥ ግን ድንኳን ያየ ሰው ስለ ፀሐይ አያስብም፤ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ፊቱን አጨፍግጎ ይገባና ይቀመጣል። ማን እንደሞተ ኋላ ይጠይቃል።

እድራችን ከሰፈሩ በላይ ወዳለው ጥብቅ ደን ሽርሽር ይሂድ ያሉት እትዬ አስካለ ናቸው። በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ። በስብሰባ መሀል ተነሥተው፣ ባለቤቴ ካረፉ ወዲህ ከደጄ የምወጣው ለልቅሶ ብቻ ነው፣ እስቲ አንድ ቀን እንኳ ማንም ሳይሞት አውጡኝና እዚያ አለ የሚባለውን ድኩላ ልየው አሉ። ይህን ማን ይቃወማል?

የእድሩ ዳኛ አቶ ደምሴ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ጥቅምት ነው፣ ሰማዩ ላይ ለምልክት የሚሆን ደመና የለም፤ እሳቸው ግን ድንኳኑን፣ አግዳሚ ወንበሮቹንና ትልልቆቹን ድስቶች አስጫኑ። ዛፍ በሞላበት አገር ሸራ ምን ያደርግልናል ብንላቸው፣ ድንኳን የሌለው እድር የታክሲ ሰልፍ ነው አሉን።

አስጎብኚያችን ሄለን የምትባል ትሑት ወጣት ናት። ድንኳኑን ስታይ ደነገጠች። መሬት አይቆፈርም፣ ዛፍ ላይ ገመድ አይታሰርም አለች። አቶ ደምሴ ብረቱ ራሱን ችሎ እንደሚቆም በሰፊው አስረድተው ከጥዶቹ ፊት ለፊት፣ ሣሩ ላይ አስቆሙት። ሄለንም እትዬ አስካለን፣ እማማ፣ ድኩላ ዓይናፋር ነው፣ የሚወጣው ዝም ካላችሁ ብቻ ነው አለቻቸው።

ዝም! የእኛ እድር? ዝም ማለት እንዳለብን ለመስማማት ብቻ የተነሣው ጫጫታ ወፎቹን ሁሉ አባረረ። እትዬ አስካለ፣ ስለ እመቤቴ ብላችሁ ይሉናል፤ እኛም ዝም በል፣ አንተ ዝም በል እንባባላለን። ቀኑ እንዲሁ ተጋመሰ። ሴትዮዋ ጥዶቹን እያዩ፣ በቃ ለልቅሶ ነው የተፈጠርኩት አሉ።

ያኔ ነው በእግራቸው ሲንሸራሸሩ የነበሩ አንድ የማናውቃቸው ሽማግሌ ድንኳኑን ያዩት። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ጎንበስ ብለው ገቡና ጥግ ላይ ተቀምጠው በረጅሙ ተነፈሱ። እሳቸውን ያዩ ሯጮች ላባቸውን እየጠረጉ ተከተሏቸው። ሊያስተዛዝን ለገባ ሰው፣ ማንም አልሞተብንም፣ ይውጡልን ይባላል? ማናችንም አልደፈርንም። አቀርቅረን ጸጥ አልን። አቶ ደምሴ ሳይታወቃቸው እጃቸውን አገጫቸው ላይ አሳረፉ።

ቅጠል ሲወድቅ ይሰማ ጀመር። ድኩላውም ከጥዶቹ ሥር ብቅ አለ፤ ቀንዱን ቀና አድርጎ፣ ቆሞ አየን። የእትዬ አስካለ እንባ በጉንጫቸው ወረደ። ይህን ያዩት ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ አይዞዎት እህቴ፣ በጣም ይቀርብዎት ነበር ወይ ብለው በሹክሹክታ ጠየቁ። እሳቸውም ዓይናቸውን ከድኩላው ሳይነቅሉ፣ ኧረ ገና ዛሬ ማየቴ ነው አሉ።

ሽማግሌው ምሳ በልተው፣ እግዜር ያጥናችሁ ብለውን ሄዱ። ለሚቀጥለው ሽርሽርም ድንኳኑ እንዲያዝ እድሩ በሙሉ ድምፅ ወስኗል።